ኬንሮኩኤን በአራቱ ወቅቶች፦ ውሃውን ተከትሎ የመጎብኛ መመሪያ

አብዛኛው ጎብኚ ኬንሮኩኤን የሚገባው በካትሱራዛካ በር ነው። ትንሽ ሽቅብ ይራመዳል፣ ባለ ሁለት እግሩ የድንጋይ ፋኖስ ፊት ወረፋ ይዞ ፎቶ ይነሳል፣ ትልቁን ኩሬ ገልመጥ አድርጎ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ይወጣል። አላየም አይባልም። ነገር ግን የገባው በታሪኩ መሃል ነው፤ መነሻውም መድረሻውም አምልጦታል። ይህ የአትክልት ስፍራ የተሠራው በውሃ ዙሪያ ስለሆነ፣ ውሃው ከሚገባበት ጀምሮ እስከሚወጣበት ቁልቁል መከተል ነው የሚያዋጣው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድም በዚህ የተቃኘ ነው።

ቦታው በጃፓን ባሕር በኩል፣ በኢሺካዋ ግዛት፣ በካናዛዋ ከተማ ነው። የካጋ ገዢዎች የነበሩት የማዬዳ ቤተሰብ በ1676 ጀምረውት፣ በ1759 በእሳት ከወደመ በኋላ ከ1774 ጀምሮ እንደገና ያለሙት፣ 11.4 ሄክታር ያህል የሚሸፍን የእግር መንሸራሸሪያ አትክልት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ለሕዝብ የተከፈተው በ1874 ነው።

ስሙ «ስድስቱን ያጣመረ» እንደ ማለት ነው። ስድስቱ ስፋት፣ ጭምትነት፣ የሰው እጅ ጥበብ፣ የጥንትነት ለዛ፣ ውሃ እና የሩቅ እይታ ናቸው። ቁም ነገሩ ጥንዶቹ እርስ በርስ የሚጣሉ መሆናቸው ነው፦ ሰፊ ቦታ ጭር አይልም፤ እጅ የበዛበት ጥንታዊ አይመስልም፤ ውሃ ደግሞ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሚወድ ከፍታ ላይ ቆመው ሩቅ የሚያዩበት ስፍራ ኩሬ አይኖረውም። እዚህ ግን ኮረብታ ላይ ትልቅ ኩሬ አለ። እንዴት እንደሆነ መንገዱ ላይ እንደርስበታለን።

መጀመሪያ ወቅት ይምረጡ

«መቼ ልሂድ?» ከማለትዎ በፊት «ምን ልይ?» ይበሉ። ሁሉንም በአንድ ጉዞ ማየት አይቻልም።

ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች አጋማሽ (ከየካቲት መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጀመሪያ) በፕለም አጸዱ ውስጥ ወደ 200 የሚጠጉ ዛፎች በየተራ ያብባሉ። ሰው ጥቂት ነው፤ ሽታውም ከሳኩራ (ከቼሪ አበባ) ይበልጣል። ሳኩራ የሚፈነዳው ብዙውን ጊዜ በኤፕሪል የመጀመሪያዎቹ ቀናት (በመጋቢት መጨረሻ) ነው። በዚያን ሳምንት መግቢያው ነጻ ይሆናል፣ ማታም መብራት ይበራል። ነጻ ስለሆነ ግን ከተማው በሙሉ ይመጣል። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ያን ሳምንት ይለፈው ባይ ነን። ሳኩራን ዘግይተው ለሚደርሱ ሌላ ዕድል አለ፦ ኪኩዛኩራ የሚባለው ዝርያ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ያብባል፤ አንዱ አበባ ብቻ ከ300 በላይ ቅጠል አለው። ከሩቅ ምኑም አያስደንቅም፤ ጠጋ ብለው አንዲት አበባ ላይ ነው ማተኮር።

በሜይ አጋማሽና መጨረሻ (ከግንቦት 7 እስከ 23 አካባቢ) ጅረቱን ይዞ ካኪትሱባታ የተባለው ሐምራዊ አይሪስ ይከፈታል። ከሁሉም ወቅት አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል፣ ከበረዶው ወቅት (ከክረምታቸው) ቀጥሎ ይህን እንመርጣለን። አየሩ ለስላሳ ነው፣ ጎህ ቀድሞ ይቀዳል፣ ሰልፍም የለም።

ከጁን አጋማሽ እስከ ጁላይ አጋማሽና ከዚያም በላይ (ሰኔና የሐምሌ መጀመሪያ) የዝናብ ወቅታቸው ነው። እኛ ሰኔ ገባ ስንል እነርሱም ጃንጥላ ያወጣሉ። የድንጋይ ሽበቱ በጣም የሚያምረው ያኔ ነው፤ ደርቆ የነበረው ውሃ ጠጥቶ አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል። ኦገስት ላይ ግን ሙቀቱ ከእርጥበቱ ጋር ተደርቦ ያዝላል። በዚያ ወር የሚሄድ ሰው በማለዳ ገብቶ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ቢወጣ ይሻለዋል።

ኖቬምበር ሁለት ነገር በአንዴ ይሰጣል፦ የሜፕሉ ቅጠል መቅላትና የዛፎቹ በገመድ መታሰር። ቅላቱ የሚበረታው ከወሩ አጋማሽ በኋላ (ኅዳር መጀመሪያ) ነው፤ ዋናው ቦታው ያማዛኪያማ የተባለው ጉብታ ነው።

ገመዱ፦ ዩኪትሱሪ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ የካናዛዋ ክረምት ያለዚህ አይገባም። ከሳይቤሪያ የሚነሳው ቀዝቃዛ ነፋስ በሞቃቱ የጃፓን ባሕር ላይ ሲያልፍ እርጥበት ይሸከምና ተራራው ሲያግደው በረዶ አድርጎ ያራግፈዋል። በረዶው ደረቅ ብናኝ ሳይሆን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ የሚወርድ እርጥብና ከባድ ነው፤ የጥዱ ቅጠል ላይ ይለጠፋል። የአትክልቱ ጥዶች ደግሞ ቅርንጫፋቸው ለውበት ወደ ጎን እንዲረዝም ተደርጎ ያደጉ ናቸው። ረጅም አግዳሚ ቅርንጫፍ ጫፉ ላይ ሲጫን ከግንዱ ሥር ይሰነጠቃል። መፍትሔው ዩኪትሱሪ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከግንዱ አጠገብ ከዛፉ የሚበልጥ ረጅም ምሰሶ ይቆማል። ከምሰሶው ጫፍ የሩዝ ጭድ ገመዶች በዙሪያው ይለቀቃሉ፤ እያንዳንዱም ወደ አንድ ቅርንጫፍ ወርዶ ይታሰራል። ክብደቱን የሚሸከመው ምሰሶው እንጂ ግንዱ አይደለም። ሲያልቅ የጎጆ ቤት ጣራ ከመከደኑ በፊት ያለውን ቅርጽ ይመስላል፤ መሃሉ ላይ ምሰሶ፣ ዙሪያውን ወራጅ። ገመዱ ከላላ ቅርንጫፉ ከበረዶው ጋር ይወርዳል፤ ከተወጠረ ደግሞ ያለ በረዶም ቅርንጫፉን ወደ ላይ ያጣምመዋል። ለዚህ ነው ሥራው ልምድ ያላቸውን ሠራተኞች የሚፈልገው። አጫጭሮቹ ቁጥቋጦዎች ምሰሶ አያስፈልጋቸውም፤ እንደ ነዶ በገመድ ተሰብስበው ይታሰራሉ።

ሥራው በየዓመቱ ኖቬምበር 1 (ጥቅምት 22) የሚጀምረው ከካራሳኪ ጥድ ነው። ይህ ዛፍ 13ኛው ጌታ ማዬዳ ናሪያሱ በቢዋ ሐይቅ ዳር ካለው ካራሳኪ ዘሩን አስመጥቶ ያስበቀለው ሲሆን፣ ለብቻው 5 ምሰሶና ወደ 800 ገመድ ይፈጃል። የሌሎቹ ዛፎች እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ይቀጥላል። ማውረዱ የሚጀምረው ማርች 15 (መጋቢት 6) አካባቢ ነው። ስለዚህ ኦክቶበር ላይ ሄዶ ገመዱን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

በረዶው የሚጠበቀው ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ (ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት 21 አካባቢ) ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ የባሕር ዳር ከተማ ስለሆነች በረዶው ወርዶ አይሰነብትም፤ ሌሊት የጣለው ቀትር ላይ ቀልጦ ሊያልቅ ይችላል። በረዶ የለበሰ ጥድ ማየት የሚፈልግ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይደር፤ ሌሊት ከጣለ ቁርሱን ትቶ ይውጣ።

መድረሻ፣ ሰዓትና ትኬት

ከቶኪዮ በሆኩሪኩ ሺንካንሰን ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ፈጣኑ ካጋያኪ ሲሆን መቀመጫው ሁሉ በቅድሚያ የሚያዝ ነው፤ እንዲሁ ተሳፍሮ ቦታ መፈለግ አይቻልም። ከኪዮቶ የሚመጣ ከማርች 2024 ወዲህ ሳንደርበርድ በተባለው ባቡር እስከ ትሱሩጋ ሄዶ እዚያ ወደ ሺንካንሰኑ ይቀይራል፤ ትኬቱን በአንድ ላይ ይቁረጡ። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል ናሪታ ይደርሳል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ቪዛውን አስቀድሞ መያዝ አለበት።

ከካናዛዋ ጣቢያ ምሥራቅ መውጫ አውቶቡስ ይዘው «ኬንሮኩኤን ሺታ» የተባለው ማቆሚያ ይወርዳሉ፤ መንገዱ ካልተዘጋጋ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። የሚገባው በኋላ በር፣ የሚወረደውና የሚከፈለው በፊት በር ነው። ሳንቲም ይያዙ፤ ሾፌሩ አጠገብ ያለው ማሽን 1,000 የን ይመነዝራል፣ ለሚወርደው ሰው ሁሉ ግን እንቅፋት መሆንዎን አይርሱ። የኛን መስመር ለሚከተል የሚሻለው «ደዋማቺ» ማቆሚያ ነው፤ ለኮዳትሱኖ በር ቅርብ ነው።

ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር እንጻፈው፤ በሰዓት ምክንያት የተዘጋ በር የሚጠብቀው ሰው ጥቂት አይደለም። ከማርች 1 እስከ ኦክቶበር 15 ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት (በእነርሱ 7፡00 – 18፡00)፣ በቀረው ጊዜ ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ሰዓት (8፡00 – 17፡00) ክፍት ነው። ዓመቱን ሙሉ አይዘጋም። መግቢያው ለአዋቂ 320 የን፣ ለልጅ 100 የን ነው፤ 65 ዓመት የሞላው ፓስፖርቱን አሳይቶ በነጻ ይገባል። ዋጋ ስለሚሻሻል ከጉዞው በፊት የግዛቱን ይፋዊ ገጽ ይመልከቱ።

ብዙ ቱሪስት የማያውቀው ነገር አለ፦ ከመደበኛው ሰዓት በፊት በነጻ ማስገቢያ አላቸው። ከኤፕሪል እስከ ኦገስት ከሌሊቱ 10 ሰዓት (4፡00)፣ በማርች፣ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ከሌሊቱ 11፣ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በረንቺሞንና በዙይሺንዛካ በሮች ይገባል። ግዴታው አንድ ነው፦ መደበኛው ሰዓት ከመድረሱ 15 ደቂቃ በፊት መውጣት። መቀጠል ካሻዎ ወጥተው ትኬት ቆርጠው ይመለሳሉ። አይሪሱን በጎህ ለማየት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ በግንቦት ፀሐይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፊት ትወጣለች።

መንገዱ፦ ከላይ ወደ ታች

ሁለት ሰዓት ይመድቡ። መሬቱ ጠጠርና ዳገት ስለሆነ ተረከዙ ጠፍጣፋ ጫማ ያድርጉ።

1. በኮዳትሱኖ በር ይግቡና ያማዛኪያማ ጉብታ ሥር ውሃው ወደ አትክልቱ ብቅ የሚልበትን ቦታ ይፈልጉ። ይህ ውሃ የታትሱሚ ቦይ ውሃ ነው። በ1631 የካናዛዋ ግንብ በእሳት ከተጎዳ በኋላ፣ ኢታያ ሄይሺሮ የተባለ ሰው በ1632 ከሳይ ወንዝ ላይኛው ክፍል ጠልፎ ወደ 11 ኪሎ ሜትር አስኬዶ አመጣው። ወንዙ ከኮረብታው በታች ቢያልፍም ከሩቅና ከፍ ካለ ቦታ ስለተጠለፈ፣ ቁልቁለቱን በጥቂቱ እያባከነ ኮረብታው ላይ ይደርሳል። የኮረብታው ኩሬ ምሥጢር ይኸው ነው።

2. ጅረቱን በግራም በቀኝም እየተሻገሩ ይከተሉ። ሃናሚባሺ (አበባ ማያ ድልድይ) ላይ ቆመው ወደ ላይ ወደ ታች ይዩ፤ አይሪሱም ሳኩራውም ከዚህ ነው የሚያምረው። ውሃው የሚፈሰው በዝግታ ነው፣ ሆን ተብሎ።

3. ከጅረቱ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ኔያጋሪ የተባለው ጥድ ቆሟል። ከ40 በላይ ሥሮቹ መሬት ለቀው እስከ 2 ሜትር ከፍ ብለዋል። በተቆለለ አፈር ላይ ተተክሎ ሲያድግ አፈሩ ከሥሩ ስለተወገደ ነው እንዲህ የሆነው። ዙሪያውን ይሂዱ፤ ከአንድ ወገን ብቻ ያየ ሰው ግማሹን አላየም።

4. ጋንኮባሺ ጋር ሲደርሱ የሚበሩ ዝይዎችን ሰልፍ በሚመስል መልክ የተደረደሩ 11 ቀላ ያሉ ድንጋዮች ያያሉ። ድልድይ ነው፤ ድንጋዩ በእግር ብዛት ስላለቀ ግን አይረገጥም።

5. ካሱሚጋይኬ፣ ትልቁ ኩሬ። 5,800 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 1.5 ሜትር ነው። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ጀርባዎን ለኩሬው ሰጥተው ወደ ከተማውና ወደ ተራራዎቹ የሚያሳየውን ጠርዝ ይፈልጉ፤ ውሃና የሩቅ እይታ አንድ ላይ የሚገኙት እዚህ ነው። ከዚያ ወደ ኮቶጂ ፋኖስ ይሂዱ። ቁመቱ 2.67 ሜትር ነው፤ አንድ እግሩ ውሃ ውስጥ፣ አንዱ ድንጋይ ላይ። ስሙ የመጣው ኮቶ የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ ክር ከሚደግፈው ሹካ መሰል እንጨት ነው። ትንሿ የድንጋይ ድልድይ ላይ ወረፋ ካለ አይጠብቁ፤ ጥቂት ወደ ጎን ሄደው ፋኖሱን ከካራሳኪ ጥድ ጋር ቢያነሱት የተሻለ ምስል ይወጣል። በረዶ ካለ ካሜራው ነጩን ግራጫ ያደርገዋልና ብርሃኑን አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉ።

6. ከኩሬው ቁልቁል ሲወርዱ ፋውንቴኑን ያገኛሉ። በ1861 የተሠራ ሲሆን በጃፓን ቀዳሚው ይባላል። ፓምፕ የለውም። ላይ ያለው የካሱሚጋይኬ ውሃ በራሱ ግፊት ይወረውረዋል፤ በተለምዶ 3.5 ሜትር ያህል ይወጣል፣ የኩሬው ከፍታ ሲለዋወጥ እርሱም ይለዋወጣል። ተራ ፋውንቴን መስሎት የሚያልፈው ብዙ ነው፤ ከላይ ጀምሮ ውሃውን ተከትሎ ለመጣ ሰው ግን ማስረጃው እዚህ ነው።

7. መጨረሻው ሂሳጎይኬ የተባለው ኩሬ ነው፤ የአትክልቱ አሮጌው ክፍል። እዚህ ብርሃኑ ይደበዝዛል፣ ድምፁም ይለወጣል፦ ሚዶሪታኪ ፏፏቴ ከ6.6 ሜትር ከፍታ ይወርዳል። አጠገቡ በ1774 የተሠራው ዩጋኦቴይ የሻይ ቤት አለ፤ በአትክልቱ ውስጥ ካሉት ቤቶች ሁሉ አንጋፋው ነው። ላይኛው ኩሬ «ስፋት» ከሆነ ይህ «ጭምትነት» ነው። ጉልበት የሚቆጥቡ ከሆነ ለዚህ ይቆጥቡ፤ ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ደክሞት ሮጦ ያልፈዋል።

ጠዋት በነጻው ሰዓት የገባ ሰው መስመሩን መገልበጥ ግድ ይሆንበታል፤ ረንቺሞን ታች ነውና ከሂሳጎይኬ ተነስቶ ሽቅብ ይሄዳል። አይጎዳም።

ሻይ በሺጉሬቴይ

በ2000 እንደገና በተሠራው የሻይ ቤት፣ በሺጉሬቴይ ውስጥ፣ ማቻ (የተፈጨ አረንጓዴ ሻይ) ከጣፋጭ ጋር ይቀርባል። ጫማ ስለሚወለቅ የተቀደደ ካልሲ ያጋልጣል። ጣፋጩ አስቀድሞ ተበልቶ ያልቃል፤ እንደ ዳቦ ከሻይ ጋር እያፈራረቁ አይበላም፣ የማቻው ምሬት የሚጣፍጠው በዚያ ላይ ሲመጣ ነው። ሲኒውን በቀኝ እጅ አንስተው በግራ መዳፍ ላይ ያስቀምጡ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ ትንሽ ትንሽ ያዙሩት (ያጌጠው ፊት ከከንፈርዎ እንዲርቅ ነው)፣ በሦስት አራት ጉንጭ ይጨርሱ፣ የጠጡበትን ጠርዝ በጣት ጠርገው መልሰው ያዙሩ። መንበርከክ ያቃተው እግሩን አጥፎ ቢቀመጥ የሚቆጣው የለም። ማቻው ረከቦት ላይ እንደሚቀርበው ቡናችን ሦስት ዙር የለውም፤ አንድ ሲኒ ነው፣ ያልቃል።

የሚያበላሹ ነገሮች

ጃንጥላ ዋነኛው ነው። በዚያ አገር «ምሳህን ብትረሳ ጃንጥላህን አትርሳ» ይባላል። ጠዋት ብራ ሆኖ ቀትር ላይ ያዘንባል፤ በኖቬምበርና በዲሴምበር ነጎድጓድም አለ።

መንገድ ላይ በጥቁር ገመድ በመስቀል የታሰረ ድቡልቡል ድንጋይ ተቀምጦ ካዩ አይለፉ። ጌጥ አይደለም፤ «ከዚህ ወዲያ አይገባም» የሚል ምልክት ነው። የድንጋይ ሽበቱንም አይርገጡ፤ አንድ የጫማ ዱካ ለመሻር ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል፣ አረሙም የሚነቀለው በእጅ ነው።

ቆሻሻ መጣያ ብዙ ስለማይገኝ ትንሽ ፌስታል በኪስዎ ይያዙ።

አጠገቡ ያለው ሴይሶንካኩ፣ ናሪያሱ በ1863 ለእናቱ ያሠራው ቤት፣ የራሱ ትኬት አለው፤ ረቡዕ ደግሞ ዝግ ነው። ሁለቱንም ለማየት የመጣ ረቡዕን ይዝለል። ከሂሳጎይኬ ወገን በማዩሚዛካ በር ከወጡ ፊት ለፊት የ21ኛው ክፍለ ዘመን የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም አለ፤ ዝናቡ ካልቆመ መጠለያ ይሆናል።